አባባን ማን ጠየቃቸው?

ከእናንተ መካከል ገና የአሥር ወይም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ሳላችሁ ለወላጆቻችሁ ያስተረጎማችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ባንክ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ከቤት አከራይ ጋር፣ ሐኪም ቤትም። እኔም እንደዚያው ነኝ። አሜሪካ የመጣሁት በ11 ዓመቴ ነው፤ በ13 ዓመቴ የቤታችን አስተርጓሚ ሆንኩ። አሁን 44 ዓመቴ ነው፤ ከዚያ ሥራ እስካሁን አልወጣሁም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ሥራዬን እንዴት እንዳበላሸሁት ነው።

አባባ ፓርኪንሰን የሚባለው ሕመም እንዳለባቸው ከታወቀ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ሕመሙ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1817 ስለ እሱ ከጻፈው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። አንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ። እነሱ ቀስ በቀስ ሲሞቱ እንቅስቃሴ ይከብዳል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃ ያጥራል፣ ድምፅ ይቀንሳል። መድኃኒቱ ለዓመታት በደንብ ያግዛል፤ ሕመሙን ግን አያድነውም። አባባ ደብረ ብርሃን የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። እዚህ ዋሽንግተን ደግሞ 21 ዓመት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠርተዋል። እጃቸው መንቀጥቀጥ የጀመረው የሰው መኪና ቁልፍ ይዘው ሳለ ነው።

ባለፈው ኖቬምበር ከነርቭ ሐኪማቸው ጋር ቀጠሮ ነበረን። ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እኛ አቀረበና ረጅም ነገር ተናገረ። ያለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሕመሙ እየገፋ ነው። መዋጥ እየከበዳቸው ነው። ወደፊት በአፋቸው መብላት ሊያቅታቸው ይችላል፤ ያን ጊዜ በሆድ በኩል የሚገባ የምግብ ቱቦ ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም? መተንፈስ ቢያቅታቸውስ ማሽን ላይ እንዲሆኑ ይፈልጋሉ? አሁን በራሳቸው አንደበት ቢነግሩን ጥሩ ነው።

እኔ ወደ አባባ ዞርኩና፣ "በደንብ ይብሉ፣ ቀስ ብለው ያኝኩ፣ ራስዎን ይጠብቁ ነው የሚለው" አልኳቸው።

አባባ ሐኪሙን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። "ይህን ለማለት ነው ይህን ሁሉ ያወራው?"

"አዎ፣ ፈረንጅ አይደል" አልኩ። ለሐኪሙ ደግሞ "ያስቡበታል" አልኩት። ሁለቱንም ዋሸኋቸው። ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ ማንም አልተናገረም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የክሊኒኩ ነርስ ደወለችልኝ። አንድ ሆስፒታል በሁለት ቅዳሜዎች ለሕክምና ባለሙያዎችና ለቤተሰቦች የጋራ ሥልጠና እንደሚሰጥ ነገረችኝ። የነርቭ ሕመም ስላለባቸው ሰዎች የማስታገሻ እንክብካቤ ነው አለች። ነርሷ የዚያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ነበረች። አማርኛ አታውቅም፤ ግን ሐኪሙ አምስት ደቂቃ የተናገረውን እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንደጨረስኩት ለማወቅ አማርኛ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ትንሽ ላውራ። እንግሊዝኛው "ፓሊየቲቭ ኬር" ይለዋል። ብዙ ሐበሻ ይህን ሲሰማ "ተስፋ ቆረጡብን" ብሎ ይደነግጣል፤ እኔም ደንግጬ ነበር። በአማርኛ "የማስታገሻ ሕክምና" ይባላል። ማስታገሻ ስንል ራስ ምታት ሲይዘን የምንውጠው ክኒን ይታወሰናል። ነገር ግን ቃሉን ልብ ብላችሁ እዩት። "አስታገሠ" እና "ትዕግሥት" ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። የማይቻለውን ነገር እንዲቻል ማድረግ ማለት ነው። ሌላም ቆንጆ ቃል አለን፤ "አስታማሚ"። ከ"ሕመም" የመጣ ነው። የታመመውን ሰው የሚንከባከበው ዘመድ አስታማሚ ይባላል። እዚህ አገር "ኬርጊቨር" የሚሉት ማለት ነው። እኔ ግን የኛው ይበልጥብኛል፤ አስታማሚውም ከሕመሙ የራሱ ድርሻ እንዳለው ቃሉ ራሱ ይነግራችኋል።

የዘመናዊው እንክብካቤ መነሻ ተደርጋ የምትጠቀሰው እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳንደርስ ናት። በመጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ የሶሻል ወርክ ባለሙያ፣ በመጨረሻም ሐኪም ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈርስ የሚባለውን ሆስፒስ ከፈተች። የሰው ሥቃይ የሥጋ ብቻ አይደለም፤ የሐሳብም፣ የቤተሰብም፣ የመንፈስም ነው ትል ነበር። በአገራችንም አዲስ አበባ ላይ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ሕመምተኞችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ይረዳል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት የገባኝ ትልቁ ነገር ሆስፒስና ፓሊየቲቭ ኬር አንድ አለመሆናቸው ነው። አሜሪካ ውስጥ በሜዲኬር የሚከፈለው ሆስፒስ፣ ሐኪሞች ከስድስት ወር በላይ አይቆይም ብለው ለሚገምቱት ሰው ነው። ፓሊየቲቭ ኬር ግን እንዲህ ያለ ገደብ የለውም። ከመደበኛው ሕክምና ጎን ለጎን፣ ሕመሙ በታወቀ በማግስቱም ቢሆን ሊጀመር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት ነበር፤ በኮሎራዶ፣ በሳን ፍራንሲስኮና በካናዳ አልበርታ የፓርኪንሰንና ተመሳሳይ ሕመም ያለባቸውን 210 ሰዎች ተከታትሏል። ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ፤ ግማሾቹ ደግሞ የማስታገሻ ቡድን ታከለላቸው። ከስድስት ወር በኋላ የሁለተኞቹ የኑሮ ሁኔታ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ሕመማቸው አልጠፋም፤ ኑሯቸው ግን ተሻለ።

ታዲያ ለነርቭ ሕመም ለምን የተለየ ሥልጠና አስፈለገ? አሠልጣኟ ሐኪም ነጭ ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ሳለች። ብዙ ጊዜ ካንሰር ያለበት ሰው እስከ መጨረሻው አካባቢ ድረስ ራሱ ያስባል፣ ራሱ ይናገራል አለች። በፓርኪንሰን፣ በመርሳት ሕመም ወይም ጡንቻን በሚያደክመው ኤ.ኤል.ኤስ. ግን መንገዱ ረጅም ነው፤ ድምፅ ወይም ማስተዋል ከሰውየው ቀድሞ ሊሄድ ይችላል። "ስለዚህ ጥያቄውን ለነገ ካሳደራችሁት ነገ መልስ የሚሰጣችሁ ላይኖር ይችላል" አለች። እኔ ኖቬምበር ላይ ያሳደርኩት ጥያቄ ትዝ አለኝ። ቡናዬን አስቀመጥኩት።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሞቹ ሲለማመዱ አየን። አንድ ተዋናይ ሕመምተኛ ይሆናል፤ ሐኪሙ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ከባዱን ወሬ ይነግረዋል፤ ሌላው ያያል። አንድ ወጣት የነርቭ ሐኪም ተነሣ። ጎበዝ እንደሆነ ያስታውቃል፤ ስለ አንጎል ክፍሎች አራት ደቂቃ ሙሉ ሳያቋርጥ ተናገረ። አሠልጣኟ አስቆመችውና ተዋናዩን "ምን ሰማህ?" አለችው። ተዋናዩ "አንድም ነገር" አለ። ሐኪሙ ፊቱ ቀላ፤ አሳዘነኝ።

እንደገና አስጀመረችው። መጀመሪያ ጠይቅ፤ "ስለ ሕመምዎ እስካሁን ምን ያውቃሉ?" ቀጥሎ ፈቃድ ጠይቅ፤ "ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ለእርስዎ ልንገር ወይስ ከቤተሰብዎ ለአንዱ?" ከዚያ በአጭሩ ተናገር። ከዚያ ዝም በል። ዝም ማለቱ ነው የከበደው። ሰዓት ይዘው ነበር፤ ወጣቱ ሐኪም መጀመሪያ መቻል የቻለው ስድስት ሰከንድ ዝምታ ብቻ ነው። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ዝም አለ፤ ተዋናዩም ቀስ ብሎ፣ "የምፈራው መታነቅን ነው" አለ። ትወና መሆኑን እያወቅሁ አንገቴን ደፋሁ። አባባ የሚፈሩት ምን እንደሆነ አላውቅም። ጠይቄያቸው አላውቅም።

በሁለተኛው ቅዳሜ እማዬን ይዤ ሄድኩ። አዘጋጆቹ አማርኛ አስተርጓሚ አምጥተውላት ስለነበር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእናቴ አጠገብ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እንዴት ያለ ዕረፍት መሰላችሁ!

ጠዋቱ ስለ ቤት ውስጥ እንክብካቤ ነበር። ሁሉንም ልዘርዝር ብል ቦታ አይበቃኝም፤ የኛን ቤት የነካውን ብቻ ልንገራችሁ።

የመዋጥ ባለሙያዋ ሕመምተኛው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ትንሽ ትንሽ ይጉረስ፣ የመጀመሪያውን ሳይውጥ ሁለተኛው አይቅረብለት፣ አፉ ውስጥ ምግብ እያለ አታናግሩት አለች። እማዬ ወደ እኔ ዞራ፣ "ጉርሻስ?" አለችኝ። አስተርጓሚዋ ሳቀችና አስረዳች። ባለሙያዋ ጉርሻ በእጅ ሲታይ ምን ያህል እንደሆነ ጠየቀች፤ እማዬ በጣቶቿ አሳየቻት። ሴትዮዋ ዓይኗ ፈጠጠ። በኛ ቤት ፍቅር የሚለካው በጉርሻ መጠን ነው። አሁን እማዬ ለአባባ የምታጎርሳቸው የለውዝ ፍሬ የምታክል ጉርሻ ነው፤ "ይቺማ ለወፍ ነው" እያለች ታጎርሳቸዋለች።

ስለ ፊት ገጽታም ተነገረን። ፓርኪንሰን የፊት ጡንቻን ስለሚያደርቅ ሰውየው ደስ ብሎትም ፊቱ የተቆጣ ይመስላል። እማዬ ይህን ስትሰማ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ለሁለት ዓመት ያህል አባባ የተቀየሟት ይመስላት እንደነበር በኋላ ነገረችኝ።

ከዚያ የመድኃኒት ሰዓት ነገር መጣ። ሌቮዶፓ የሚባለው ዋናው መድኃኒት በሰዓቱ መወሰድ አለበት፤ ሲዘገይ ሰውየው ባለበት ድርቅ ሊል ይችላል። ሥጋ፣ ወተት፣ ባቄላ የመሳሰለው ፕሮቲን ደግሞ አንዳንድ ሰው ላይ መድኃኒቱ ወደ አንጎል እንዳይደርስ ይሻማዋል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ እንዲዋጥ ይመከራል። ሽሮም የባቄላና የአተር ልጅ መሆኑን አትርሱ። ነርሷ እማዬን፣ "እናንተ ቤት በስንት ሰዓት ይወስዳሉ?" ብላ ጠየቀቻት። ጉዱ የወጣው እዚህ ላይ ነው። አንደኛ፣ እማዬ የመድኃኒት ሳጥኑ ላይ የጻፈችው በሐበሻ ሰዓት ነው፤ "2" ማለት ለእሷ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ አሜሪካኖቹ ከጠዋቱ 8 የሚሉት ነው። ሰኞና ሐሙስ የምትመጣው ረዳት ግን "2" የሚለውን አይታ ከቀትር በኋላ በ2 ትሰጣቸው ነበር። ሁለተኛ፣ አባባ በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ማለትም በዚህ አገር እስከ ቀኑ 3 ሰዓት፣ ክኒናቸውን አይውጡም። ሐኪሙ ይህን አያውቅም። መድኃኒቱ መሥራት ያቆመ መስሎት መጠኑን ሊጨምር ነበር። ማን ሊነግረው ይችል ነበር? አስተርጓሚያቸው፤ ማለትም እኔ። እኔም አላውቅም ነበር፤ አባባ ለእኔ አልነገሩኝም። በማግስቱ የንስሐ አባታቸው ራሳቸው ደውለው "መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይውሰዱ" አሏቸው፤ ያ ጉዳይ በአምስት ደቂቃ አለቀ።

እግራቸው መሬት ላይ የተጣበቀ ሲመስል ደግሞ መጎተት የለም፤ ሊወድቁ ይችላሉ። ቆም ብሎ መቁጠር፣ በጭብጨባ ምት መስጠት ወይም ወለሉ ላይ ያለ መስመር እንዲሻገሩ ማድረግ ይረዳል። እማዬ ታጨበጭባለች፤ አባባ ይራመዳሉ። ጎረቤት የሚሰማ ሠርግ ያለ ሊመስለው ይችላል።

አንዱን ግን ጻፉት። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ሆስፒታል ሲገባ ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ (አገር ቤት ብዙ ሰው ፕላሲል በሚለው ስም የሚያውቀው) እና ለመረበሽ የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል ሕመሙን ሊያብሱት ይችላሉ፤ የዶፓሚንን ሥራ ያግዳሉና። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ያለ ሐኪም ሁሉ ይህን ላያስታውስ ይችላል። እኛ የአባባን መድኃኒቶችና ሰዓታቸውን፣ የማይሰጣቸውንም ጨምረን፣ በአንድ ወረቀት ጽፈን ቦርሳቸው ውስጥ አድርገናል።

ከምሳ በኋላ (ምሳው ሳንድዊች ነበር፤ እማዬ አምባሻ ይዛ ስለሄደች ከነርሶቹ ግማሾቹ ወደ እኛ ጠረጴዛ ዞሩ) አሠልጣኟ ከባድ ወሬ እንዴት እንደሚነገር ለቤተሰቦችም ማስረዳት ጀመረች። ጸጥ ያለ ቦታ ምረጡ። ተቀመጡ። ብቻችሁን አትሁኑ። ሰውየው ብቻውን እንዳይሰማ አድርጉ። አስቀድማችሁ አዘጋጁት።

እማዬ እጇን አወጣች። "ይህማ መርዶ ነው" አለች።

መርዶ ምን እንደሆነ አስረጅን አሏት። ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ ሌሊቱ ሳይነጋ የወላጆቻችሁ ጓደኞች በሩን ሲያንኳኩ፣ በዝምታ ሲገቡ አይታችሁ ይሆናል። አገር ቤት ዘመድ ሲሞት ስልክ ተደውሎ ለሟቹ ቤተሰብ አይነገርም። ጓደኞች መጀመሪያ እርስ በርስ ይመካከራሉ። ሰውየው በልቶ ማደሩን፣ ሥራ ላይ ወይም መንገድ ላይ አለመሆኑን ያጣራሉ። በማለዳ ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ ቀኑን ሙሉ አብረውት ሊውሉ ነው። ከመካከላቸው አንድ ትልቅ ሰው ይናገራል። እማዬ ይህን ሁሉ በዝግታ ተናገረች፤ ሐኪሞቹ ማስታወሻቸውን አውጥተው ጻፉ። ያ ወጣት ሐኪምም ይጽፍ ነበር። እኔ በእናቴ ኮራሁ፤ ከፈረንጁ ሥልጠና በፊት የኛ ሥልጠና እንደነበረ ተሰማኝ።

ከዚያ የሶሻል ወርክ ባለሙያዋ ጠየቀች። "ለሕመምተኛው ለራሱስ ማን ይነግረዋል?"

እማዬ ትንሽ አሰበች። "ለሕመምተኛውማ አይነገርም" አለች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ማንም አልፈረደባትም። ባለሙያዋ፣ ለአንዳንድ ሰው አለማወቅ ምርጫው ነው፤ ያም ይከበራል፤ ግን ምርጫው መሆኑን የምናውቀው ራሱን ስንጠይቀው ነው አለች። "ሁሉን ንገሩኝ" የሚል አለ፤ "ለልጄ ንገሯት" የሚል አለ። ዞር ብላ እማዬን፣ "ባለቤትዎ የትኛው ናቸው?" አለቻት። እማዬ እኔን አየችኝ። እኔም እሷን አየኋት። በሁለታችን መካከል 90 ዓመት ያህል አባባን የማወቅ ልምድ አለ፤ መልሱን ግን አንዳችንም አላወቅነውም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእናንተ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል። አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ ሁሉ ብቃት ያለው አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። "የራስሽን ሰው ይዘሽ ነይ" ሊሉ አይችሉም። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅንም፣ አስቸኳይ አደጋ ካልሆነ በቀር፣ አስተርጓሚ ሊያደርጉ አይችሉም። በዋሽንግተን ከተማ ደግሞ በ2004 የወጣ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አለ፤ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም ያገለግላሉ። በሌላ አገር የምትኖሩ የየአገራችሁን ሕግ ጠይቁ። ቀጠሮ ስትይዙ "አማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን" ማለት ብቻ ነው። አንዳንዶቻችሁ "እኔ እያለሁ ለምን?" ትሉ ይሆናል፤ እኔም እንደዚያ እል ነበር፤ እንዲያውም ክብሬ የተነካ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን አባታችሁ ስለ ሆድ ድርቀታቸው፣ ሌሊት አልጋ ላይ ስለሚያመልጣቸው ሽንት፣ ግድግዳው ላይ ስለሚያዩት የሌለ ልጅ በሴት ልጃቸው አፍ ለሐኪም ይነግራሉ? እነዚህ ሦስቱም በፓርኪንሰን የተለመዱ ናቸው፤ ሦስቱም ይታከማሉ ወይም ይቀላሉ። አባባ ለዘጠኝ ዓመት ስለ አንዱም ትንፍሽ አላሉም።

ሥልጠናው ባለቀበት ምሽት አባባ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ፣ ተቀመጥኩ፤ እንደተማርኩት። ከዚያ የተማርኩት ሁሉ ጠፋብኝና ዝርግፍ አደረግሁት። "አባባ፣ ኖቬምበር ላይ ሐኪሙ ያለውን አልነገርኩዎትም" አልኩ።

"ቱዩብ ሲል ሰምቻለሁ" አሉ።

ድምፃቸው በጣም ቀንሷል፤ ጆሮዬን ማስጠጋት ነበረብኝ። "21 ዓመት ከመኪና ጋር ኖሬ ቱዩብ አላውቅም? ጎማ ውስጥ ሊከተው እንዳልሆነ ገብቶኛል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"አንቺ እንዳትደነግጪ ነዋ።"

ምን ማለት እንዳለብኝ አላወቅሁም። ስድስት ሰከንድ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ዝም አልኩ። ከዚያ፣ "ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?" አልኳቸው።

"ሁሉንም። ግን ከአንቺ አይደለም።"

አባባ የሚናገሩት እንደዚህ ነው፤ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ አያሽሞነሙኑም። ቢሆንም ያን ሌሊት አልቅሻለሁ። እማዬም "ምን አሉሽ?" ስትለኝ አልነገርኳትም፤ እንግዲህ ያ ልማድ በሁለት ቅዳሜ አይለቅም።

የሚቀጥለው ቀጠሯችን ኤፕሪል ላይ ነበር። አስተርጓሚዋ በስክሪን መጣች፤ ድምፅዋ ለስላሳ የሆነች ትልቅ ሴት ናት። "እንደምን አደሩ አባቴ" ስትላቸው አባባ ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ሞከሩ። ነርሷ ድምፃቸው እንዲሰማ ስክሪኑን አስጠጋችላቸው። እኔ እንደልማዴ በሐኪሙና በእሳቸው መካከል ያለውን ወንበር ሳብኩ።

"አንቺ ውጪ ጠብቂ" አሉኝ።

ኮሪደሩ ላይ 40 ደቂቃ ተቀመጥኩ። ስልኬን አወጣሁ፣ መልሼ ከተትኩት። አንድ ጊዜ አስተርጓሚዋ ስትስቅ ሰማሁ፤ ምን እንዳሏት እስካሁን አላውቅም። አንድ ጊዜ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ምንም ድምፅ አልተሰማም። በሩን ልከፍት ተነሥቼ ነበር፤ መልሼ ተቀመጥኩ።

በመጨረሻ ሐኪሙ ወጣ። በእጁ ሞልስት የሚባለውን ወረቀት ይዞ ነበር። በሜሪላንድ ሕመምተኛው የሚፈልገውንና የማይፈልገውን ሕክምና ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ የሚሞላው፣ የትም ቢታከም አብሮት የሚሄድ የሐኪም ትእዛዝ ነው። "ወረቀቱን ለአንቺም ለእናትሽም እንዳሳይ ፈቅደውልኛል" አለኝ። "የቀረውን ግን ሲፈልጉ ራሳቸው ይነግሯችኋል ብለዋል።" አነበብኩት። ስለ ምግብ ቱቦው የወሰኑት እኔ እወስንላቸው ከነበረው የተለየ ነው። የቱ እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ የእሳቸው ነው።

አባባ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። ደክሟቸዋል፤ ፊታቸው የተቆጣ ይመስላል፤ አሁን ግን ቁጣ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አሳንሰሩ በር ላይ ያለው መስመር ጋ ስንደርስ ቆሙ። አጨበጨብኩላቸው፤ ተሻገሩ።

"መኪናውን የት አቆምሽው?" አሉኝ።

"ሦስተኛ ፎቅ።"

"ስንት ያስከፍላሉ?"

"12 ዶላር።"

"ለሁለት ሰዓት?" አሉ አባባ፤ ቀጠሮው ከተጀመረ ወዲህ በግልጽ የሰማሁት የመጀመሪያው ድምፃቸው ይህ ነበር። "እኔ ብኖር አላስከፍልሽም ነበር።"